አምስተኛው ተራ ቁጥር

ከጦሳ ተራራ የሚወርድ ሰው በሩ ላይ ጫማውን ያራግፋል። ጭቃው የጋራ መሬት ነው፤ ይዞ መውረድ ክልክል ነው። ስትገባ የተመዘነው ጫማህ ስትወጣ እንደገና ይመዘናል፤ ከአምስት ግራም በላይ ከጨመረ ብሩሽ ይሰጡሃል። እኔ ሳይነግሩኝ ነው የማራግፈው። ስድሳ ሰባት ዓመቴ ነው። አርባውን ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ ደንብ ጥሼ አላውቅም። ይሄን የምለው ልመጻደቅ ብዬ አይደለም። የሆነው ሁሉ የሆነው በዚሁ ምክንያት ስለሆነ ነው።

ስሜ ሶልያና ነው። በእኔ ዘመን ደሴ ውስጥ ከተወለድን ሴቶች ግማሾቻችን ሶልያና ወይም ኤልዳና ነን፤ ዛሬ የአሮጊት ስም ሆኖ ቀርቷል። የአሁኖቹ ጓንጉል፣ አስካለ፣ አጥናፉ ነው የሚባሉት። አጥናፉ የኔ ልጅ ነው።

የዛሬ አራት ዓመት መታወቂያ ሲታደስ አጥናፉ አስተማሪ ነበር። የወላጆቻቸው መታወቂያ ያልታደሰ የአሥራ አንድ ልጆችን ስም ከክፍሉ ሰርዝ ተባለ። አልሰረዘም። አንድ ጠዋት ስነሳ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ፣ መታወቂያው ተቀምጧል። ከክንዱ ቆዳ ሥር አውጥቶት ነው፤ ውኃው ትንሽ ቀላ ብሏል። ልጄ የለም። ብርጭቆውን ይዤ ስንት ሰዓት እንደቆምኩ አላውቅም።

ያልታደሰ ሰው ይታሰራል የሚሉ አሉ፤ ስህተት ነው። የሚታሰረው መዝገብ ላይ ያለ ሰው ነው። ያልታደሰ ሰው የጋራ መሬት ላይ ከተገኘ፣ ሰው ጥሎት እንደሄደ ጃንጥላ፣ ይለቀማል። ለቃሚ የሚባሉት ማሽኖች ወስደው ታች ያለው መጋዘን ያስገቡታል። ከመጋዘን በኋላ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ብዙ ቅጽ አገላብጫለሁ። ከዚያ ወዲያ ቅጽ የለም።

ባለቤቴ ሮቤል፣ ነፍሱን ይማረው፣ በወጣትነቱ ሣጥን ፍለጋ የሚባል ጨዋታ ይወድ ነበር። አንዱ ትንሽ ሣጥን ዱር ውስጥ ይደብቅና ቦታውን በቁጥር ያሳውቃል። ፈልጎ ያገኘ ሰው ውስጡ ባለው ደብተር ላይ ስሙንና ቀኑን ይጽፋል፤ አንድ ነገር ይወስዳል፣ በፋንታው አንድ ነገር ያስቀምጣል። ሽልማት የለው፣ ምን የለው። ለአጥናፉ የመጀመሪያውን ሣጥን የደበቀለት ጦሳ ላይ፣ ከሥሯ ውኃ ጠብ ጠብ የምትል አንዲት ዓለት አጠገብ ነው። ልጁ ሣጥኑን ሲያገኝ የአያቱን ስም ሳይቀር ጻፈና የወተት ጥርሱን አስቀመጠበት። ባዶ መስመር እንዳይተው ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

አጥናፉ ጦሳ ላይ እንዳለ የሰማሁት ከዛፍ ቆጣሪዎቹ ነው። አይተነዋል አሉ፤ ከስቷል አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልዋጥልኝ አለ። ልጄን ማየት እፈልጋለሁ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም። ግን ተራራው ላይ ከእኔ ጋር ቢያገኙት ወዲያው ይለቅሙታል። አንድ ሳምንት ሙሉ ተቀምጬ የጋራ መሬት አጠቃቀም ደንብን አነበብኩ። አርባ አንድ ገጽ ነው። ሣጥን ለመደበቅ ፈቃድ ይሰጣል፤ ማንም ስለማይጠይቅ ነው እንጂ አለ። አንቀጽ ዘጠኝ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ፈቃድ በተሰጠበት ቦታ ዙሪያ፣ በሦስት ሜትር ክልል ውስጥ ያለና በዝርዝሩ ላይ የሰፈረ ነገር ሁሉ በባለፈቃዱ ኃላፊነት ሥር ነው፤ አይለቀምም።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ እስክሪብቶ አነሳሁና ዝርዝሩን ጻፍኩ። አንደኛ ሣጥን፣ ሁለተኛ ደብተር፣ ሦስተኛ እርሳስ፣ አራተኛ የሱፍ ካልሲ፣ አምስተኛ አጥናፉ ሮቤል።

ቅጹ ዋስ ይጠይቃል። ዋሴ ጎረቤቴ ኬርያ ናት፤ ሠላሳ ዓመት በአንድ ግቢ ኖረናል። ባለፈቃድ ደንብ ከጣሰ የባለፈቃዱም የዋሱም መታወቂያ እኩል ይሰረዛል። ይሄን ነግሬያት ወረቀቱን ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ ዝርዝሩን አነበበችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ሶሊ፣ ይሄ አምስተኛው ምንድን ነው?»

«የምታይው ነው።»

«ወላሂ አብደሻል። ሲያነቡት ምን ልትይ ነው?»

«ዝርዝር አይነበብም፤ ይቆጠራል» አልኳት። «አርባ ዓመት ሙሉ ስንቱን ተቆጥቼበታለሁ መሰለሽ።»

ፈረመችልኝ።

የፈቃድ ሠራተኛው ጓንጉል ይባላል። ሠላሳ ዓመት አይሞላውም፤ ትሁት ነው፣ ተነስቶ ወንበር ይስባል። ቅጹን ገልበጥ ገልበጥ አደረገው።

«እናቴ፣ ይሄ የልጆች ጨዋታ አይደለም እንዴ?»

«ጡረተኛ ምን ሥራ አለው ብለህ ነው።»

ሳቀ። በእርሳሱ ጫፍ ከላይ ወደ ታች ወረደ፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። አምስት ዕቃ» አለና ማኅተሙን አሳረፈበት። ደስ ሊለኝ ሲገባ ትንሽ ተናደድኩ። በእኔ ጊዜ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለውን ልጅ ቀኑን ሙሉ ነበር የማስነብበው።

ፈቃዱ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ፣ ለሠላሳ ደቂቃ እንድጎበኝ ይፈቅዳል። በእያንዳንዱ ጉብኝት እስከ ሁለት ኪሎ የመለዋወጫ ዕቃ ማስገባት ይቻላል። መጋቢት ላይ ሁለት ሠራተኞች መጥተው ዓለቷን መሀል አድርገው በቢጫ ቀለም ክብ አሰመሩ። ሣጥኑን አስቀመጥኩ። ቁጥሩ በሩ ላይ ባለው ሰሌዳ ተለጠፈ፤ ግን ልጄ ሰሌዳ አያስፈልገውም፣ ዓለቷን ያውቃታል።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሣጥኑን ስከፍት ካልሲው የለም። በፋንታው የጥድ ፍሬ ተቀምጧል። ደብተሩ ላይ በዚያ በማውቀው የአስተማሪ ጽሕፈት፦ አጥናፉ ሮቤል ሀብቴ። መታወቂያ ቁጥር፦ የለኝም። የወሰደው፦ ካልሲ። ያስቀመጠው፦ የጥድ ፍሬ። አስተያየት፦ ይሞቃል።

ዓለቷን ተደግፌ አለቀስኩ። ከዚያ ከሥሩ ጻፍኩ፦ በሚመጣው ቅዳሜ አራት ሰዓት፣ ክቡ ውስጥ። ዝርዝሩ ላይ አለህ፣ አይነኩህም።

መጣ። ከጥዶቹ መሀል ብቅ ሲል መጀመሪያ አላወቅኩትም፤ ልጄ ሸምግሏል። ጺሙ ደረቱ ደርሷል፣ ጫማው በልጥ ታስሯል። ቢጫውን መስመር ዘሎ ገባና አቀፈኝ። አጥንቱን በእጄ ቆጠርኩት። ተሳሳቅን፤ ስለ ኬርያ ድመት ጠየቀኝ፣ ሞተች አልኩት፣ በጣም አዘነ።

በአሥረኛው ደቂቃ አንድ ለቃሚ መጣ። ቁመቱ ወገብ ይደርሳል፣ ሲራመድ ድምፅ የለውም። መስመሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሌላ መጣ፤ እሱም ቆመ። ጥቂት ቆይተው አምስት ሆኑ፤ ክቡን ከበቡት። እግዜር ይይልኝ፣ ኮራሁ። አርባ አንድ ገጽ አንብቤ ያገኘኋት ቃል ልጄን ጠበቀችልኝ።

«አየህ? አንቀጽ ዘጠኝ» አልኩት።

«አንቺ እኮ ጉደኛ ነሽ፣ እማ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና አንድ በአንድ አያቸው። «እሺ፣ እንዴት ነው የምወጣው?»

መግቢያውን ነው እንጂ መውጫውን አላሰብኩም። ለቃሚ አይራብም፣ አይሰለችም፣ ዞር አይልም። ሃያ አምስት ደቂቃ ሲሆን ክንዴ ውስጥ ያለው መታወቂያ መንዘር ጀመረ። ከሠላሳ ደቂቃ ካለፍኩ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ፈቃዱ ከተሰረዘ ክቡ ቀለም ብቻ ይሆናል።

«ውረጂ» አለኝ። «እኔ እዚህ እሆናለሁ። ተቀምጦ መዋል ነው፣ ምን አለበት።»

እንዲህ ሆነና ልጄ ከሚያዝያ ጀምሮ ሦስት ሜትር ዙሪያ ውስጥ ኖረ። ውኃ ከዓለቷ ሥር ይጠጣል። እኔ በየቅዳሜው ሁለት ኪሎ አወጣለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ኬርያ የሠራችውን ጭኮ፣ በሶ፣ ትንሽ ቆሎ። ስመለስ ደግሞ በደንቡ መሠረት ተለዋጭ ዕቃ ብዬ ይዤ የምወርደውን ነገር አልናገርም፤ ሰው በአንድ ቦታ ሳምንት ሙሉ ሲኖር ምን እንደሚኖረው ይታወቃል። በሩ ላይ ይመዝኑታል፣ ክብደቱን ይጽፋሉ፣ ያሳልፉኛል። ግንቦት ላይ ዝናብ ሲጀምር ሸራ ጠየቀኝ። ሸራው ብቻውን አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ ነበር፤ ያን ሳምንት የበላው ሁለት መቶ ግራም በሶ ነው።

ለቃሚዎቹን ስም አወጣላቸው። አንዱን ርእሰ መምህር ብሎታል፤ ሁልጊዜ ፊቱን ወደሱ አድርጎ ስለሚቆም። የኖራ ድንጋይ ለቅሞ ዓለቷ ላይ የአሥራ አንዱን ተማሪዎች ስም ጽፎ አገኘሁት፤ በየጠዋቱ ስም ይጠራል። አቤት የሚል የለም። አንድ ጊዜ «እማ፣ አንዳንዴ ርእሰ መምህሩን ሳወራው እገኛለሁ» አለኝ፤ ሳቀ፤ እኔ ግን እየወረድኩ መንገዱ አልታይ አለኝ።

ሥጋቴ ሰኔ ነበር። መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ማንኛውም ፈቃድ ሰኔ ሠላሳ ላይ ይዘጋል፤ መቼም ይሰጥ መቼ፣ የበጀት ዓመቱ ሲያልቅ ያልቃል። እድሳቱን በግንቦት መጀመሪያ ነው ያመለከትኩት፤ ሰኔ ሃያ፣ ዓርብ ዕለት፣ ለአምስተኛ ጊዜ ሄድኩ። ጓንጉል ወንበር ሳበልኝ።

«እናቴ፣ አሁን መዝጊያ ነው። በሐምሌ አጋማሽ ይምጡ፣ አንደኛ እርስዎን ነው የማስተናግደው።»

«በመሀል ያለው አሥራ አምስት ቀንስ?»

«በመሀል ፈቃድ የለም።» ፊቴን አየና ደነገጠ። ፋይሉን አውጥቶ ገለጠው፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ። «አምስተኛው ምንድን ነው?»

«ስም ነው» አልኩት። እስከዚያ ቀን ዋሽቼ አላውቅም ነበር።

ጓንጉል ወዲያ ወዲህ አየ። ወረቀቱን በግንባሩ ደፋው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እስቲ አያለሁ» አለኝ።

«እስቲ አያለሁ» ምን ማለት እንደሆነ እኔን መንገር የለብህም። አርባ ዓመት ሙሉ ባለጉዳይ የሸኘሁበት ቃል ነው።

ማታውን ኬርያ ጭኮውን እያሸች ስትሰማኝ ቆየች። «ነገ ታድሷል በይው» አለችኝ።

«አልታተመም።»

«እሱ ማኅተሙን ያያል?»

«አያይም።»

«እንግዲያውስ ታድሷል በይው። አንድ ሳምንት ጥሩ እንቅልፍ ይተኛ። ምን ይጎዳሻል?»

«ማኅተም ያላረፈበትን ነገር አልቋል ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ኬርያ። ለገዛ ልጄ ልጀምር?»

እጇን ከጭኮው አውጥታ አየችኝ። «አንቺ ሰው ነሽ ወይስ ፋይል?» አለች። ተቆጥታ ነበር። እኔም ተቆጣሁ፤ ሳንሰነባበት ተለያየን።

ቅዳሜ ሰኔ ሃያ አንድ ዝናቡ ያወርደዋል። አጥናፉ ሸራው ሥር ተኮራምቶ ጠበቀኝ፤ ይስላል። ገና ሳልቀመጥ «ታደሰ?» አለኝ።

አሁንም ሌሊት ሌሊት የምመልሰው ይሄንኑ ጥያቄ ነው። ታድሷል እለዋለሁ፤ አንድ ቃል ናት፣ ምንም አይከብዳትም። ያን ቀን ግን ያልኩት «አልታደሰም» ነው። «የፈቃድ ቢሮው ልጅ አያለሁ ብሏል፤ እነሱ የሚሉት ሐምሌ ነው።»

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እንደ ደህና ተማሪ ነበር የሚሰማኝ፤ ልቤ ተቆረጠ። ስለዚህ ያልታሰበ ነገር ተናገርኩ። «የሚመጣው ቅዳሜ ሃያ ስምንት ነው። እመጣለሁ፣ ከዚያ አልወርድም። ሠላሳ ደቂቃቸውን ራሳቸው ይቁጠሩ። ሲመጡ አንድ ላይ ይውሰዱን።»

«ኬርያስ? ዋስሽ አይደለችም እንዴ?»

የጭኮውን ጥቅል መፍታት ጀመርኩ።

«የሷስ መታወቂያ?» አለኝ ደግሞ።

«ኬርያ ታውቃለች» አልኩት። አታውቅም ነበር። በዕድሜዬ የዋሸሁት ይሄንኑ ነው፤ እሱም ያለቦታው።

አጥናፉ ሸራውን ወደኔ ሳብ አድርጎ ትከሻዬን ሸፈነልኝ። ክንዴ ሲነዝር ተነሳሁ፤ እጁን ለቀቅ ሳደርግ «ጭኮው በጣም ጥሩ ነው፣ ንገሪያት» አለኝ።

ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጓንጉል ራሱ ቤቴ መጣ። የዝናብ ልብሱ ሥር ፖስታ ይዟል። ቆሞ ነው ያወራኝ፣ ግባ ብለው እንቢ አለ።

«ዝርዝሩ ያልተለወጠ ከሆነ 'በነበረበት ይቀጥል' ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ የቆየ መመሪያ ነው፣ ቆፍሬ አገኘሁት። ኃላፊው ቆጥሮ ፈረመ።» ፖስታውን ሰጠኝ። «ዝርዝሩ አልተለወጠም አይደል፣ እናቴ?»

«አልተለወጠም።»

«እስከሚመጣው ዓመት ሰኔ ሠላሳ ነው» አለና ሄደ። ማኅተሙ ገና አልደረቀም ነበር። ወረቀቱን ይዤ ኬርያ ቤት እየሮጥኩ ሄድኩ፤ በስድሳ ሰባት ዓመቴ ሮጥኩ። ተቃቀፍን። «አላህ የወደደው ልጅ ነው» አለች፤ ስለ ጓንጉል ነው፣ ወይም ስለ አጥናፉ፣ አልጠየቅኳትም።

ያኔውኑ ወደ ተራራው በር ሄድኩ። ክንዴን ለበሩ ማንበቢያ ሰጠሁት፤ ቅዳሜ አለኝ። ዘበኛዋን ለመንኳት፤ አንዲት ቃል ብቻ አድርሼ ልመለስ አልኳት። ጥሩ ሴት ናት፣ አዘነችልኝ። «እናቴ፣ በሩ እኔን አይሰማም» አለች። ሐሙስም ሄድኩ፣ ዓርብም ሄድኩ። ደግሞ ደስ ብሎኝም ነበር፤ እንዳትሳሳት። ቤቴን ጠረግኩ፤ ካልሲ ገዛሁ፤ ሲሰማ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን እያሰብኩ ብቻዬን ሳቅሁ።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ዝናቡ አባርቷል። ከሩቅ መጀመሪያ ያየሁት ለቃሚዎቹ እንደሌሉ ነው፤ ሄደዋል ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ነው የገባኝ፤ ለቃሚ ይዞ ካልሆነ አይሄድም።

ሸራው ተጣጥፎ ዓለቷ ላይ ተቀምጧል። ካልሲዎቹ ታጥበው እንዲደርቁ ተሰጥተዋል። ሣጥኑ ቦታው ነው። ደብተሩን ከፈትኩ፤ ሁሉንም መስመር ሞልቶታል። አጥናፉ ሮቤል ሀብቴ። ቀን፦ ሐሙስ፣ ሰኔ 26። ያስቀመጠው፦ ሸራ፣ ካልሲ። የወሰደው፦ ምንም። አስተያየት፦ እማ፣ ሠላሳ ደቂቃሽ ሲያልቅ ውረጂ። ኬርያን አደራ።

ሐሙስ። ማኅተሙ ረቡዕ ነው ያረፈው።

ተኝቶበት የነበረው ቦታ በሰውነቱ ልክ ጎድጉዷል፤ ሣር የለውም። እዚያ ተንበረከክሁና ሁለቱን እጆቼን ጭቃው ውስጥ አስገባሁ። ፖስታው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ዓለቷ ላይ የአሥራ አንዱ ልጆች ስም አለ፤ ከሥራቸው የራሱን ስም ጨምሯል። ክንዴ ሲነዝር እንዳለኝ አደረግኩ፤ ወረድኩ።

በሩ ዝርዝሩን አመሳከረ፤ አምስተኛው ጎድሏል፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያስረዱ አለኝ። ጫማዬን መዘኑ፤ ሠላሳ ግራም በለጠ፤ አራገፍኩ። ቀሚሴ ጉልበቱ ላይ ጭቃ ነበረው፤ እሱንም በብሩሽ ጠረጉልኝ። ጥፍሬ ሥር ያለውን አላዩም።

ኬርያ የግቢያችን በር ላይ ስትጠብቀኝ ነበር። ፊቴን አየች። ውኃና ሳህን አምጥታ እጄን ልታስታጥበኝ ጎንበስ አለች፤ እኔ ግን እጆቼን ብብቴ ሥር ሸጎጥኳቸው፤ አልሰጠኋትም።